«ፋኖስ» ያለው ልጅ ሚዩት ተደረገ፦ «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚለውን ሕግ ምን እናድርገው?

የጠባሴው (አድሚን)፣ ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን እዚህ የምጽፈው ግሩፑ ላይ ብጽፈው የገዛ ቦታችን ስለሚያጠፋው ነው። ቦት ማለቴ ነው። አዎ፣ ሳቁ።

ለማታውቁን፣ የሰሜን ሸዋ ልጆች የምንጫወትበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ፓብጂ ሞባይል፣ ኢፉትቦል፣ ትንሽ ትንሽ ፍሪ ፋየር። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአጣዬ ልጆች አሉ፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር የገቡም አሉ። ስንጀምር 11 ነበርን፣ አሁን 1,400 አካባቢ ደርሰናል።

ሕጋችን አንድ መስመር ነው። «ፖለቲካ ክልክል ነው።» ያወጣነው 2013 ላይ ነው፣ ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ስኳድ ውስጥ የተመታ ልጅ የሚሳደበው በብሔር ነበር። ጠላት ቡድን ሁሉ «ጁንታ» ሆነ። ቤት ውስጥ የተደበቀ ተጫዋች ካለ «ጁንታው ፎቅ ላይ ነው» ይባላል። እኛም እንስቅ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ሁለት ዓመት አብሮን የተጫወተ ልጅ ምንም ሳይናገር ከግሩፑ ወጣ። በውስጥ መስመር ምነው ብዬ ስጠይቀው «እናቴ ትግሬ ናት» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ሕጉ የወጣው በዚያ ሳምንት ነው።

ከዚያ ቦት አስገባን። የቃላት ዝርዝር ሰጠነው። ቃሉን ያየበትን መልእክት ያጠፋል፣ ሦስት ጊዜ የደጋገመውን ሰው ለ24 ሰዓት ሚዩት ያደርጋል፣ ማለትም እንዳይጽፍ ይዘጋዋል። የፓርቲ ስም፣ የታጣቂ ስም፣ የባለሥልጣን ስም፣ የብሔር ስድብ፣ ሁሉም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እፎይ ብለን ተኛን።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። አንድ ልጅ «ፋኖስ ለኩሼ ነው የምጫወተው» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ ጠፋ። «ኧረ ፋኖስ ነው ያልኩት» አለ። ጠፋ። «ፋኖስ! መብራት! ኩራዝ!» አለ። ሚዩት።

ይሄ ለሳቅ ነው። የማያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው። የኢፉትቦል ውድድራችን ፍጻሜ ደብረ ብርሃን ጋሽ ጆይስቲክ የፕሌይስቴሽን ቤት ሊካሄድ ነበር፣ እዚያ ዋይፋዩ ስለሚሻል። ዋዜማው ላይ ከሮቢት የምትመጣው ልጅ መንገድ ስለተዘጋ መድረስ እንደማትችል ጻፈች። መልእክቷ ጠፋ። በነጋታው ቀረች፣ ተጋጣሚዋ ሦስት ለዜሮ በፎርፌ አሸነፈ።

መልእክቷን ያጠፋው ቦቱ አይደለም። እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሕጉን እንዳለ እንተወው? ለፖለቲካ ለብቻው ቶፒክ ከፍተን የፈለገ እዚያ ይናከስ? ወይስ ጭራሽ እናንሳው? ተሳደቡም፣ ግን መፍትሔ ይዛችሁ።

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 3፡31

ፎርፌ???? ኧረ በናታችሁ። መንገድ ተዘጋ ማለት ፖለቲካ ከሆነ ጉምም ፖለቲካ ነው በሉ። ጣርማ በርን በሐምሌ ያየ ሰው በሙሉ ሚዩት ይደረግ።

የሮቢቷ፣ 3፡52

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።

ሁለት ወር የተለማመድኩት በወንድሜ ስልክ ነው። ሮቢትን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። ቀን ቀን ስልኩ በእጅ አይያዝም፣ ይግላል፣ ጌሙ መጎተት ይጀምራል፣ ከዚያ በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ የምጫወተው ሌሊት ነው፣ ቤተሰብ ሲተኛ፣ ድምፁን አጥፍቼ። አምስት ሰው ጥዬ ነው ለፍጻሜ የደረስኩት፣ አንዱን በመለያ ምት።

የጻፍኩትን ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ። «መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና የለም፣ ነገ መድረስ አልችልም፣ በናታችሁ ቀኑን ግፉልኝ።» ማን ዘጋው አላልኩም። ለምን ተዘጋ አላልኩም። ማን ጥፋተኛ ነው አላልኩም። መናኸሪያ ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ቆሜ፣ ተመልሼ ነው የጻፍኩት።

በነጋታው ስገባ ምን አየሁ? «ልጅቷ ፈርታ ቀረች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ስቲከር። ከሥሩ የሳቅ መዓት። እሱን ማንም አላጠፋውም፣ እስካሁንም እዚያው ነው። ፖለቲካ ስላልሆነ ይሆናል።

ደሞ ሳልረሳው፣ ቮይስ ከፍታችሁ ስትጫወቱ ስለ ሴት የምትሉትን ቦቱ አይሰማውም። እኔ ግን እሰማለሁ።

የጠባሴው (አድሚን)፣ 4፡05

እህቴ ይቅርታ። ሰበብ አይሁንብኝና ለምን እንዳጠፋሁት ልንገርሽ። «መንገድ ተዘጋ» የሚል ሲመጣ ከሥሩ «ማን ዘጋው» ይመጣል። ከዚያ አንዱ መልስ ይሰጣል፣ ሌላው «አንተ የእነሱ ነህ» ይለዋል፣ ስድሳ መልእክት ይሆናል፣ ሁለት ልጅ ይወጣል። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንቺ የጻፍሽው አልነበረም የታየኝ፣ ከሥሩ የሚመጣው ነው። ሳላነብ አጠፋሁት ማለት ነው። ስቲከሩን አላየሁትም፣ አሁን አጠፋዋለሁ።

ነፃ_አንደበት፣ 4፡11

ችግሩ ቀላል ነው፣ ሕጉን አንሱት። ሰው ይናገር። እናንተ ማን ናችሁና ነው የሕዝብን አፍ የምትዘጉት? አገር እየነደደች ጌም ስለ መጫወት ታወራላችሁ። ዝምታም ወገን መያዝ ነው።

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 4፡13

ወንድሜ አካውንትህ የተከፈተው ዛሬ ነው። ጌም ትጫወታለህ ግን?

ነፃ_አንደበት፣ 4፡14

ምን አገናኘው?

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 4፡14

ያገናኘዋል። በል ስንተኛ ደረጃ ነህ?

ጓሳ_ስናይፐር፣ 4፡40

እስቲ የእኔንም ስሙኝ፣ እኔም የቦቱ ሰለባ ነኝ።

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ መሐል ሜዳ። አንድ ቀን ካናዳ ያለ የግሩፓችን ልጅ ጭላዳ በቪዲዮ አይቶ «ይሄ የት ነው» ብሎ ጠየቀ። ጓሳ ነው አልኩት። ቀይ ቀበሮም አለ አልኩት። እንዴት ሳይጠፋ ኖረ አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። አያቶቻችን ጓሳን የሚጠብቁበት የጥንት ሥርዓት ነበር፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩን ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ያኔ ሁሉም ድርሻውን ለቤቱ ክዳን ለገመዱ ያጭዳል። ጠባቂዎቹን የሚመርጡት ራሳቸው ባለመብቶቹ ናቸው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሕዝቡ ግን ቦታውን እንደገና ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው አደረገው።

የሥርዓቱ ስም ምን መሰላችሁ? ቄሮ። አንዳንዱ ቀሮ ብሎ ይጽፈዋል፣ እኔ እንደለመድኩት ቄሮ ብዬ ጻፍኩ። አራት መልእክት ነበር የላክሁት፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ቃሉ ነበረበት፣ አራተኛው ላይ አልደረስኩም። 24 ሰዓት ሚዩት። ካናዳ ያለው ልጅ «ምን ሆነ ያ ሰውዬ፣ ታሰረ እንዴ» ብሎ ሲጠይቅ እያየሁ መመለስ አልችልም።

የሣር ታሪክ ነው የጻፍኩት እኮ ሰዎች። የሣር!

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለጓሳ ሁሉም የሚታዘዘው ጠባቂውን የመረጠው ራሱ ስለሆነ ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ አድሚን የሚሆነው ማን ነው? ቀድሞ የገባ። የጠባሴው የአጎቱን ልጅ አድሚን አደረገ። የአጎቱ ልጅ ፖለቲካ ሲያወራ ያጠፋው ሰው አይቼ አላውቅም። ይሄንንም አብራችሁ ተነጋገሩበት።

የጠባሴው (አድሚን)፣ 4፡48

እሱ ልክ ነው። አሳፈርከኝ። ግን ልክ ነው።

ሀሁ_ቦት፣ 5፡02

ቦቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሰድባችሁ ጨርሱና ላስረዳ።

ለአማርኛ የቃል ማጣሪያ መሥራት እንደምታስቡት አይደለም። ቦቱን «ቃሉ ብቻውን ሲቆም አጥፋ» ብትሉት ቃሉ ላይ «የ» ወይም «ለ» ወይም «ዎች» ሲጨመርበት ያመልጠዋል። «ቃሉ የትም ውስጥ ካለ አጥፋ» ብትሉት ደግሞ «ፋኖስ» ውስጥ የታጣቂ ስም ያገኛል። እኔ ሁለተኛውን ነው የመረጥኩት። «ግንባር»ን ያስገባሁት ለድርጅት ስም ብዬ ነበር። ከዚያ «ግንባሩን አልኩት» ብሎ የሚፎክር ስናይፐር ሁሉ መጥፋት ጀመረ። ጌም ግሩፕ ውስጥ «ግንባር»ን መከልከል ማለት ሠርግ ቤት «እስክስታ» ብሎ መጻፍን መከልከል ነው። ያን አንድ ቃል አወጣሁት፣ ሌላውን ግን ተውኩት፣ ስንፍና ነው።

ደግሞ ፊደሉ። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ። አንዱን ቃል በአራት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሰው በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ሲጽፍ ደግሞ በሃያ መንገድ። መሳደብ የፈለገ ሰው አንድ ፊደል ይቀይርና ያልፋል። ማጣሪያው የሚይዘው ማምለጥ ያላሰበውን ነው፣ ማለትም ምንም ክፋት የሌለበትን።

ቮይሱን ደግሞ ልጅቷ ተናግራለች። ማጣሪያው ጆሮ የለውም።

እኔን ብትጠይቁኝ ዝርዝሩ ውስጥ ከአሥር ቃል በላይ መኖር የለበትም፣ እነሱም ምንም ዓይነት ሌላ ትርጉም የሌላቸው ስድቦች ብቻ። የቀረው በሰው ዓይን ይታይ። ስሎው ሞድ የሚባል፣ አንድ መልእክት የላከ ሰው ቀጣዩን ለመላክ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ነገር ደግሞ ቴሌግራም ላይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አለ፣ አልተጠቀምንበትም እንጂ። ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይሞላል። ጭቅጭቅ ሲነሳ 5 ደቂቃ ላይ አድርጉት። ሰው የተናደደበትን ለመጻፍ 5 ደቂቃ ከጠበቀ ግማሹን ይተወዋል። እኔ ከሚስቴ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 5፡04

ሚስትህን ስሎው ሞድ አደረግካት? 😂

ሀሁ_ቦት፣ 5፡05

ራሴን።

ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት፣ 5፡30

ፈተና አለብኝ፣ ግን ላላልፈው አልቻልኩም።

የአገሩ ሕግ ራሱ «ፖለቲካ» አይልም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። እዚያ ላይ የጥላቻ ንግግር ማለት በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት የተነሳ ሰው ወይም ቡድን እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ሆን ብሎ ማነሳሳት ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፣ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ይከብዳል። ሐሳብን መግለጽ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተጠበቀ ነው። «መንግሥት ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ማለት ከጥላቻ ንግግር ውስጥ አይገባም። አዋጁን ራሱን ሰፊ ነው፣ ለአፈና ይመቻል ብለው የተቹት አሉ፣ ያን ክርክር እዚህ አልከፍትም።

የምለው ምንድነው፣ እናንተ ያወጣችሁት ሕግ ከአገሩ ሕግ ይልቅ ይሰፋል፣ ከአገሩ ሕግ ይልቅ ደግሞ ይስታል። ስለ መንገድ የጻፈችውን ያዘ፣ ስለ ሴት የተሳደበውን ለቀቀ። ጾታ እኮ አዋጁ ውስጥ በስም ተጽፏል።

ከአንኮበር_ማዶ፣ 6፡15

እኔ ውጭ ነው ያለሁት፣ እዚህ ገና ቀን ነው። አንድ ነገር ላካፍላችሁ፣ ትልልቆቹም ከእናንተ የተሻለ አልሠሩም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኦክቶበር ላይ ብሊትዝቹንግ የሚባል የሆንግ ኮንግ ተጫዋች ሃርዝስቶን በሚባለው የካርታ ጌም ውድድር አሸነፈና ከጨዋታው በኋላ በነበረው ቃለ መጠይቅ ፊቱን ሸፍኖ ሆንግ ኮንግን ነፃ አውጡ የሚለውን መፈክር ተናገረ። ብሊዛርድ የሚባለው ኩባንያ ለአንድ ዓመት አገደው፣ ሽልማቱን ከለከለው፣ ቃለ መጠይቁን ያደረጉትን ሁለቱን ተንታኞችም አባረረ። ዓለም ጮኸ። በቀናት ውስጥ እገዳው 6 ወር ሆነ፣ ሽልማቱም ተመለሰለት። በኖቬምበር የኩባንያው ፕሬዚዳንት መድረክ ላይ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ውሳኔውን ለመስጠት ቸኩለን፣ ለማስረዳት ዘገየን የሚል ነገር ነው የተናገረው። ይሄ ነገር የጠባሴውን አይመስልም?

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ብሊትዝቹንግ እንደታገደ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀጥታ ስርጭት ተመሳሳይ ነገር የጻፉበት ወረቀት ያዙ። መጀመሪያ ምንም አልተደረጉም። ልጆቹ ራሳቸው «እሱን ቀጥታችሁ እኛን ለምን ተዋችሁ» አሉ። ኋላ እነሱም 6 ወር ተቀጡ። የአጎት ልጅ ጉዳይ ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ አለ። ኔክሰስ ሞድስ የሚባል፣ ሰዎች ለጌሞች የሠሩትን ተጨማሪ ነገር የሚጭኑበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሴፕቴምበር የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ የአሜሪካ ፖለቲካ ያለበት ነገር ሁሉ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን እስኪይዝ ድረስ እንዳይጫን ከለከሉ። ምክንያታቸው ለነገር የሚሠሩትን አብዛኛውን የሚጭኑት ስማቸውን ደብቀው ለዚያው ብለው በከፈቱት አካውንት ስለሆነ ነው። ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱ ተነግሯል፣ የሚያበቃበት ቀን ታውቋል።

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 6፡22

ለነገር የተከፈተ አካውንት ሲባል ስሰማ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ነፃ አንደበት የት ሄድክ?

ከአንኮበር ማዶ፣ የተናገርከው መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ልበልህ፣ አትቀየመኝ። ግሩፑ ላይ በጣም የሚሞቅ ነገር የሚጽፉት ውጭ ያላችሁ ናችሁ። ጽፋችሁ ትተኛላችሁ። እኛ ጠዋት ከእሱ ጋር ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ኬላ፣ ወደ ገበያ እንሄዳለን። ስልክ ይፈተሻል ወንድሜ። ኬላ ላይ ቴሌግራምህን ክፈት ስትባል የምትከፍተው ግሩፕ ውስጥ ያለው የአንተ ጽሑፍ ነው፣ ጣጣው ግን የእኔ ነው።

ከአንኮበር_ማዶ፣ 6፡41

አልቀየምም። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ከክልሉ ሲጠፋ ለወራት እናቴን ያገኘኋት በመደበኛ ስልክ ነው፣ እሱም ሲሠራ። ያኔ ግሩፑ ላይ እኛ ውጭ ያለነው ብቻ ቀረን። እውነት ነው፣ ያን ጊዜ የጻፍናቸው ነገሮች አሉ። እናንተ ተመልሳችሁ ስትገቡ አነበባችኋቸው። እኔም ሁለት ሦስቱን አጥፍቻለሁ፣ አፍሬ።

ግን አንተም እየው። አንተ ፈርተህ ዝም ትላለህ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ካልጻፍኩ ማን ይጽፋል የሚል ነገር ይመጣብኛል።

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 6፡44

ጻፍ። የራስህ ገጽ ላይ ጻፍ። እኔ ያለሁበት የኢፉትቦል ግሩፕ ላይ አይደለም።

ጋሽ_ጆይስቲክ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡10

ልጆች እንደምን አደራችሁ። ማታ ቤቱን ዘግቼ ተኝቼ ነበር፣ አሁን አነበብኩት።

ደብረ ብርሃን የፕሌይስቴሽን ቤት ከከፈትኩ 9 ዓመቴ ነው። አራት ቴሌቪዥን ነው ያለኝ። «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ አላውቅም። የተለጠፈው አንድ ወረቀት «ጆይስቲክ የወረወረ ይከፍላል» የሚል ነው። እሱም የተለጠፈው በእውነት ስለተወረወረ ነው።

በዚህ ዘጠኝ ዓመት እዚያች ቤት ያልተባለ ነገር የለም። በ2013፣ በ2014 አንድ ልጅ ሲገባ ፊቱን አይቼ ዛሬ ዜና እንዳለ አውቃለሁ። እንዳያወሩ ብከለክል ውጭ ደጃፌ ላይ ቆመው ያወሩታል፣ ብርዱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ስለዚህ ያውሩ። እኔ የምመለከተው አንድ ነገር ነው። ስለ ነገሩ ነው የሚያወራው ወይስ አጠገቡ ስለተቀመጠው ልጅ? አጠገቡ ያለውን «እናንተ» ብሎ የጀመረ ቀን ቴሌቪዥኑን አጠፋዋለሁ። «እናንተ» የምትለዋን ቃል ስሰማ እጄ በራሱ ማብሪያው ጋ ይሄዳል። ሻይ አዛለሁ። ሻዩን በራሴ ሒሳብ ነው የማዘው፣ ይሄንንም አስታውሱ፣ ቴሌቪዥን ማጥፋቱ ብቻውን አይሠራም።

ከወለጋ ተፈናቅሎ ከቤተሰቡ ጋር እዚህ የመጣ ልጅ አለኝ። 13 ዓመቱ ነው። ጌሙ ላይ የራሱን ቡድን ሲሠራ በመንደሩ ስም ሰየመው። ከጎኑ ያለው ልጅ «የት ነው እሱ? እንዲህ የሚባል ክለብ አለ እንዴ?» አለው። ልጁም ነገረው። የት እንደሆነ ነገረው፣ ምን እንደሆነም ነገረው፣ ሁሉም ጨዋታቸውን አቁመው ሰሙት። እኔ ያን ልጅ ፖለቲካ አታውራ ልበለው? ምን ብዬ? ቤቱን ነው የነገራቸው እኮ ልጁ።

የሮቢቷ ልጄ፣ ያን ዕለት ወንበርሽን እስከ አሥር ሰዓት ይዤ ጠብቄአለሁ። ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ባለቤት አላት» እያልኩ። ስልክሽን ግን አላውቀው። ፎርፌ ሲሉ ተቃውሜአለሁ፣ የሰማኝ የለም። እነዚህ ልጆች ቤቴ ውስጥ ሲሆኑ ነው የሚያከብሩኝ፣ ስልክ ላይ ሲሆኑ ጋሽም የለም።

የሮቢቷ፣ ጠዋት 2፡26

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሩን መጠበቅዎን አላወቅኩም ነበር።

ጓሳ_ስናይፐር፣ 2፡40

ጋሼ የእርስዎ «እናንተ» የምትለዋ መለኪያ ከዚህ ሁሉ ይሻላል። ግን እስቲ በዚህች ይፍረዱኝ። ግሩፓችን ውስጥ አንድ ልጅ ስሙን «ነፍጠኛው» አድርጓል። ስናይፐር ስለሚጫወት ነው ይላል። ነፍጥ ያው ጠመንጃ ነው፣ እኔም ስናይፐር ነኝ፣ ይገባኛል። ለእሱ ኩራት ነው፣ አያቱ ጠመንጃ የያዙ ሰው ነበሩ። ግን ቃሉ ስድብ ሆኖ ሰው የተባረረበት ቃል ነው። ሌላው ደግሞ ከሌላ አካባቢ የገባ ተጫዋች «በአያቶቼ ላይ የሆነውን የሚያስታውሰኝ ስም ነው» ብሎ ቅር ብሎታል። ማንም ማንንም «እናንተ» አላለም። ስሙ ብቻ ነው። ምን ይደረግ?

ጋሽ_ጆይስቲክ፣ 2፡51

እሱን እኔም አላውቀው ልጄ። ልጁን ጠርቼ ብቻውን አናግረው ነበር። እንዲቀይረው አላስገድደውም፣ ቅር ያለው ልጅ እንዳለ ግን እነግረው ነበር። ካልቀየረው አልቀየረው።

ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት፣ 2፡55

በሰባት ነጥብ ልታስረዳው የምትችለውን ጥያቄ «አላውቀው» ብሎ ማለፍ እንዴት ደስ ይላል። እኛን አስተማሪያችን እንደዚህ እንድንመልስ አይፈቅዱልንም።

ነፃ_አንደበት፣ 3፡05

አሁንም ማንም አልመለሰልኝም። ዝም ማሰኘት ዝም ማሰኘት ነው።

የሮቢቷ፣ 3፡12

እኔ ልመልስልህ። እኔን ዝም ያሰኙኝ አድሚኖቹ ብቻ አይደሉም። ፊት ሕግ ሳይኖር፣ ሁሉም እንደልቡ በሚናገርበት ጊዜ፣ እኔ አንድም ቀን ማይክ ከፍቼ አላውቅም። ሴት መሆኔ ከታወቀ ጨዋታው ይቀራል፣ ወሬው ስለ እኔ ይሆናል። አጣዬ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ልጆችም በዚያ ጊዜ አይናገሩም ነበር፣ ሌሎች ናቸው ስለ እነሱ የሚጨቃጨቁላቸው። አሥር ሰው ሲጮህ ሃምሳ ሰው ዝም ይላል። አንተ የምታየው አሥሩን ነው።

የጠባሴው (አድሚን)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡30

እሺ። ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ ሳነበው ዋልኩ፣ አለቃዬም አየኝ። የምናደርገውን ልንገራችሁና የማይስማማችሁን ንገሩኝ።

«ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚለው ይወርዳል። በምትኩ የጋሼን እንወስዳለን። ስለ ነገሩ ማውራት ይቻላል፣ እዚህ ያለን ሰው በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በመጣበት ወይም በሴትነቷ «እናንተ» ማለት አይቻልም። ቮይስም ይጨምራል፣ ቮይስ ላይ የሰማ ሰው ይንገረን። መንገድ፣ መብራት፣ ኔትወርክ፣ ኬላ፣ ሰው ደህና ገባ አልገባም፣ እነዚህ በፍጹም አይጠፉም። የሚወራው ሲበዛ ስሎው ሞድ 5 ደቂቃ። የሰዎችን ስምና ያሉበትን ቦታ መጻፍ ግን ክልክል ይሆናል፣ ለቆሎ ኬላ ስል ነው። ውጭ ያላችሁም በእሱ አስቡት።

ቦቱ ስምንት ስድብ ብቻ ይዟል፣ ሀሁ ከኔ ጋር ቁጭ ብሎ አጸዳው። ፋኖስ፣ ግንባር፣ ቄሮ፣ ሁሉም ነፃ ወጥተዋል። አንድ አድሚን መልእክት ካጠፋ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል። የተጠፋ ነገር አድሚኖች ዝርዝር ላይ ለ48 ሰዓት ይታያል፣ ስለዚህ የተበደለ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ይጠይቅ፣ ሌላ አድሚን ያየዋል። የአጎቴን ልጅ አውርጄዋለሁ፣ ዛሬ ቤታቸው ምሳ አልተሰጠኝም። ሁለት አድሚን በድምፅ እንመርጣለን፣ አንዷ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ማን እንደሆነች አልተናገርኩም።

«ነፍጠኛው»ን አናግሬዋለሁ። አስብበታለሁ አለኝ። እስካሁን እያሰበበት ነው።

ለፖለቲካ ብቻውን ቶፒክ መክፈቱን ትቼዋለሁ። ክፍሉን ብንከፍት የሚገባበት ጌም የማይጫወተው ብቻ ነው።

ፎርፌው ተሰርዟል።

ነፃ_አንደበት፣ 2፡34

ስለዚህ አሁንም ሳንሱር ነው።

ቆሎ_ከደብረ_ሲና፣ 2፡35

ና በኢፉትቦል ግጠመኝ። ካሸነፍከኝ የፈለግከውን ጻፍ፣ አነበዋለሁ። ካሸነፍኩህ አንድ ኪሎ ቆሎ ትገዛኛለህ።

ከአንኮበር_ማዶ፣ 2፡50

የቦታ ስም አለመጻፉን ተቀብያለሁ። ዘመድ ሞቶበት የሚጽፍ ሰው ግን የቦታውን ስም ሳይጽፍ እንዴት ይጻፍ? እሱን አስቡበት።

የጠባሴው (አድሚን)፣ 2፡58

እሱን አላሰብኩትም ነበር። የሞተ ሰው ላይ ሕጉ አይሠራም። ለቅሶ ለቅሶ ነው።

የሮቢቷ፣ 3፡20

ስቲከሩ መጥፋቱን አይቻለሁ። አድሚንነቱን ላስብበት፣ እንደ ነፍጠኛው።

ጨዋታው ግን ኦንላይን ይሁን፣ ደብረ ብርሃን ድረስ መንገዱን አላምነውም። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት። እኔ ቤት መብራት ከጠፋ ወይም ስልኬ ከጋለ ሩብ ሰዓት ትጠብቁኛላችሁ። ጋሼ ቴሌቪዥን ላይ ያሳዩልኝ ከተባለ ደግሞ ያቺን ወንበር ማንም አይቀመጥባት።

ጋሽ_ጆይስቲክ፣ 3፡24

ይዣታለሁ።